በሶማሊኛ ባልና ሚስት፣ በአማርኛ ወንድምና እህት

ያን ሰሞን ጅግጅጋ በአንድ ጥያቄ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የፖለቲካ እንዳይመስላችሁ፤ የኳስም አይደለም። ጥያቄው ኢንዶኔዥያ በሚባል አገር፣ ከሙዝ ተክል ጀርባ ባለ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ የሚኖሩት ቀጭኗ ሴትዮና ጺማሙ ሰውዬ ምንና ምን ናቸው የሚል ነበር። አደን ቪዲዮ ቤት ያየ ሰው ባልና ሚስት ናቸው ይላል። አምሀ ቪዲዮ ቤት ያየ ደግሞ ወንድምና እህት ናቸው፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ይምላል። ፊልሙ ግን አንድ ፊልም ነው። ሁለቱን ቪዲዮ ቤቶች የሚለያቸውም አንድ ዳቦ ቤትና አንድ የባጃጅ ጎማ መጠገኛ ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአተራረኩ ነው። እዚያ ሰፈር የውጭ ፊልም በሰው አፍ ነው የሚታየው። አንድ ሰው ማይክ ይዞ ከስክሪኑ ጎን ይቀመጣል፣ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ባሉንም ሚስቱንም ሕፃኑንም ጂኒውንም ራሱ ሆኖ ይናገራል። አደን በሶማሊኛ፣ አምሀ በአማርኛ። የሕንድ ወይም የቱርክ ሲሆን ቋንቋውን በመጠኑም ቢሆን የለመደ ሰው ስለማይጠፋ ችግር የለም። የኢንዶኔዥያን ቋንቋ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ቅጂው ላይ ከሥር የሚሮጥ ጽሑፍ ነበረ፤ እሱም በቻይና ፊደል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተራኪዎች የሚችሉትን አደረጉ። ፊልሙን እያዩ የመሰላቸውን ተናገሩ።

ከኢንዶኔዥያ መጀመሪያ ጅግጅጋ የገባው ዘፈኑ ነው። ከበሮው እንደ ባጃጅ ሞተር የሚቸኩል፣ በመሐሉ ዋሽንት የሚመስል ነገር የሚያለቅስበት ዘፈን ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች ከቲክቶክ አወረዱት፣ ተማሪዎቹ ልጃገረዶች ጨፈሩበት፣ አንዱ የሕንድ ነው ሲል ሌላው የፊሊፒንስ ነው አለ፤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከተማውን ወረሰው። ፊልሙን ያመጣው ደግሞ የቶጎጫሌ መስመር ሚኒባስ ሾፌር የሆነው ኩልሚዬ ነው። ከድንበሩ ማዶ ካለ ሱቅ በፍላሽ አስገልብጦ መጣና ለሁለቱም ቤቶች ሰጠ። «ሰዎቹ እንደኛ ይሰግዳሉ» አለው ለአምሀ፤ «ጂኒያቸው ግን ሌላ ነው ዋላሂ። ዛፍ ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች።»

አምሀ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ጅግጅጋ የመጣው በአንድ መሥሪያ ቤት የድምፅ መሣሪያ ባለሙያ ሆኖ ተመድቦ ነው። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ሄዶ ለሬዲዮ ተፈትኖ ነበር፤ ፈታኞቹ «ድምፅህ ይበዛል» ብለው መለሱት። ድምፅ እንዴት ይበዛል? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለሰውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ማይኩን ሲጨብጥ የሚበዛ ነገር አልነበረውም። የወታደር ሚስቶች፣ ከየክልሉ ተመድበው የመጡ መምህራን፣ ከመሐል አገር የመጡ ነጋዴዎች አዳራሹን ሞልተው አፍ አፉን ያዩታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሰማው የለም፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን ሳቁም ልቅሶውም ማብራት በሌለበት ጄኔሬተሩም ለሱ ይነሳ ነበር። ይህን ቢያጣ ጅግጅጋ ለሱ አቧራና ንፋስ ብቻ ነበረች።

ወንድምና እህት ያደረጋቸው በእጅ ምክንያት ነው። በፊልሙ ውስጥ ሰውዬው ከቤት በወጣ ቁጥር ሴትዮዋ እጁን ትቀበልና ጎንበስ ብላ ግንባሯን ታስነካዋለች። አምሀ ባደገበት አገር ሚስት ይህን ስታደርግ አይቶ አያውቅም። እንዲህ እጁ የሚከበር ሰው አባት ነው፣ አጎት ነው፣ ወይም የሃይማኖት ሰው ነው። ለአባትነት ሰውዬው ልጅ ነው። ለሃይማኖት አባትነት ጂንስ ለብሷል። በዚያ ላይ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጡት መሳሳም የለ፣ መተቃቀፍ የለ፣ አንድ አልጋ ላይ የታዩበት የለ። ታዲያ ታላቅ ወንድም ካልሆነ ምን ይሁን? አምሀ እዚያው በዚያው ወሰነ። ከወሰነ ወዲያ ደግሞ ማን ይቻለው! እናታቸው ስትሞት «እህትህን አደራ» እንዳለችው ጨመረበት። ሰውዬው እህቱን ላለማስከፋት ሳያገባ እንደቀረም ጨመረበት። አዳራሹ አለቀሰ። የአንድ ሃምሳ አለቃ ሚስት የሆኑት እትዬ ታንጉትማ ሰውዬውን ለመዳር ቆርጠው ተነሱ፤ በፊልሙ ውስጥ የጎረቤቷ ልጅ በታየች ቁጥር «ይቺን አግባ! ይቺ ጨዋ ናት!» እያሉ ይጮሁ ነበር።

አደን ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ቢሆኑም ጠዋት ጠዋት አንድ ጠረጴዛ ላይ የወተት ሻይ ይጠጣሉ።

«ዋርያ፣ ሚስቱ ናት» አለው።

«በምን አወቅህ?»

«ሻይ ስትሰጠው ስኳር ስንት ልጨምር ብላ አልጠየቀችም። ሳትጠይቅ የምታውቅ ሚስት ናት።»

«እህትም ታውቃለች።»

«የኔ እህት አታውቅም» አለ አደን።

ክርክሩ ከሻይ ጠረጴዛው ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ገበያ ወጣ። ሁለቱም በግምት እንደሚናገሩ ማንም አላሰበም። ሰው ማይክ የያዘን ያምናል። ክፍል ሁለት ሲመጣ ይለያል ተብሎ ቀጠሮ ተያዘለት።

አምሀን ግን ከክርክሩ ይልቅ የሚበላው ሌላ ነገር ነበር። ሪሐና የምትባል ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የከሚሴ ልጅ ናት፤ ጅዳ ብዙ ዓመት በቤት ሠራተኛነት ኖራ ተመልሳ ጅግጅጋ የልብስ ሱቅ ከፍታለች። ሰው ሁሉ ስክሪኑ ፊት ለፊት ለመቀመጥ ሲጋፋ እሷ ከድምፅ ማጉያው ሳጥን አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ስክሪኑን በጎን ትታ ትቀመጣለች። ፊልም ለማየት የመጣ ሰው ፊቱን ያዞራል? ይባስ ብሎ ማንም በማይስቅበት ቦታ ትስቃለች። አንድ ጊዜ ጂኒዋ ከዛፉ ወርዳ ስትናገር አምሀ ያለ የሌለ ጉሮሮውን ተጠቀመ፤ አዳራሹ ጮኸ፣ አንድ መምህር ወንበር ይዞ ወደቀ። ሪሐና ግን በሻርፏ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ቅር አለው፤ ይህን አንደብቅም። ከቅሬታው ግን ጉጉቱ በለጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ፣ አንድ ዓይኑን እሷ ላይ አድርጎ ተረከ። ቀስ በቀስ ነገሩ ገባው። እሱ ሲናገር ወደ ግድግዳው ትመለሳለች። እሱ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ሲል ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ ትጠጋለች። ሆን ብሎ ዝም አለ፤ ተጠጋች። ተናገረ፤ ተመለሰች። እንዲህ የሚያደርግ ሰው የሚሰማው ነገር አለው ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ ቢሆንም ሄዶ ለመጠየቅ አፈረ።

ክፍል ሁለት በኩልሚዬ ሚኒባስ፣ በዱቄት ወተት ካርቶኖች መሐል መጣ። አምሀ በምሳ ሰዓት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ከኩልሚዬ ጋር ሆኖ አስቀድሞ አየው። ፊልሙ እንደ ተጀመረ ሴትዮዋ ከጓሮ ልብስ ይዛ ስትመጣ ሆዷ ከሷ ቀድሞ በበሩ ገባ።

ኩልሚዬ ወደ አምሀ ዞረ። «እህትየው አርግዛለች።»

«አያለሁ።»

«ወንድምየው ሆዷን እየዳበሰ ነው።»

«አያለሁ አልኩህ እኮ!»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የአምሀም ተፈታበት። እዚያው ቁጭ እንዳለ መፍትሔ ፈለገ። ሴትዮዋ ባል አላት፤ ባሏ መርከበኛ ነው፤ ባሕር ላይ ነው፤ ወንድሟ እሱ እስኪመለስ እየጠበቃት ነው።

«ሰርጉን መቼ አየን?» አለ ኩልሚዬ።

«በክፍል አንድና በክፍል ሁለት መካከል ነው የተሠረገው።»

ኩልሚዬ ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «ይሁን» አለ፤ «ግን መርከበኛው እስከ መጨረሻው አይመጣም ማለት ነው። ሰው ይጠላዋል።»

መርከበኛውን ማን ይጠላዋል ብላችሁ አትለፉት፤ ትርጉም ቤት የሚቆመው በእምነት ነው። ሰው አንድ ጊዜ «ይሄ ልጅ ከኪሱ ነው የሚያወራው» ካለ አይመለስም። አምሀ መርከበኛውን ይዞ ሊገፋበት ቆረጠ። አንድ ቦታ ግን አቃተው። ከፊልሙ መሐል ላይ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልክ ትደውላለች፤ በጣም ረጅም ጊዜ ታወራለች። ጂኒ የለ፣ በር የሚንኳኳ የለ፣ ሰውዬውም ከቤት ወጥቶ የለ። ፊቷ ፈገግ ይላል፤ የእጇ ጥፍር ግን የደረጃውን እንጨት እየላጠ ነው። አምሀ ደጋግሞ አየው። ፊቷን አምኖ ቢናገር እጇ ያጋልጠዋል፤ እጇን አምኖ ቢናገር ፊቷ። እንዲህ ያለ ነገር በግምት አይነካም።

ፊልሙን ስልኩ ላይ ጭኖ ወደ ሪሐና ሱቅ ሄደ። የሕፃናት ልብስ እያጣጠፈች አገኛት።

«ቋንቋውን ትሰሚዋለሽ አይደል?» አላት፤ ሰላምታውም እንኳ ጠፋበት።

ሪሐና ልብሱን አስቀመጠች። «እሰማዋለሁ» አለች።

«ከየት?»

«ከዋቲ።»

ዋቲ ማለት ጅዳ አንድ ቤት አብራት ትሠራ የነበረች የኢንዶኔዥያ ልጅ ናት። ዋቲ ለወጥ ቤቱ፣ ሪሐና ለልጆቹ። ጣሪያው ላይ ያለች አንዲት ክፍል ተጋርተው ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። መጀመሪያ በተሰባበረ ዐረብኛ ነበር የሚግባቡት። ዋቲ ግን አፏ የሚያርፍ ሴት አልነበረችም፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ታወራለች፣ ስትተኩስ ትዘፍናለች፣ ተኝታም ታወራለች። ሪሐና ቋንቋውን መቼ እንደለመደችው አታውቅም። አንድ ቀን በቋንቋው ስትቆጣ ራሷን ሰማች። ኋላ አሠሪዎቹ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር በተያያዘ ሪሐናን በድንገት ወደ አገሯ ሲያሳፍሯት ዋቲ ገበያ ሄዳ ነበር። የዋቲ ቁጥር ያለበት ስልኳም እዚያው ቀረ።

«ታዲያ ሰውዬው…» አለ አምሀ።

«ባሏ ነው። እጁን የምታስነካው ለዚያ ነው። እዚያ አገር ለእናትም፣ ለአስተማሪም፣ ለባልም እንዲሁ ነው።»

«ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ሁሉ እያለቀሰ ምን ብዬ? ደግሞ ታሪክህ ያምር ነበር፤ የእናትየዋ አደራ እኔንም አስለቅሶኛል።» ፈገግ አለች። «ጂኒዋ ግን ያን ጊዜ አንተ ስታስጮሃት ‹ውሃ ጠማኝ› እያለች ነበር።»

አምሀ በመሳቅና በመሞት መሐል ቆመ።

«እኔ የምመጣው ለታሪኩ አይደለም» አለች ሪሐና። «አትቀየመኝ። አንተ ትንፋሽ ስትወስድ የምሰማትን ለመስማት ነው።»

እነዚያ የሬዲዮ ፈታኞች ካሉት ይህ ይብስ ነበር። ያም ሆኖ ስልኩን ዘረጋላት። ሪሐና ቆማ ማየት ጀመረች። ስለ ሌላው ክፍል ሁሉ ነገረችው፤ ማን ለማን ምን እንዳለ፣ ጂኒዋ በሕይወት ሳለች ማን እንደ ነበረች፣ ጎረቤቷ ለምን እንደምትፈራ። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ግን ትርጉሙን ተወችው። እስከ መጨረሻው አየችና ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው።

«ይቺን አልነግርህም» አለች። «እዚች ጋ ዝም በል።»

«እንዴት ዝም እላለሁ? ቪዲዮ ቤት እኮ ነው! ይጮኹብኛል።»

«ይጩሁ። ድምፁን ከፍ አድርገህ እስክትጨርስ ተዋት።»

«ፊልሙን ልስጥሽ፤ ቤትሽ እንደልብሽ ስሚው።»

«ቤቴ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን የምሰማውማ ስልኬም ላይ ሞልቷል፤ ዘፈኑም ፊልሙም። ሞክሬዋለሁ።» ቃል እየፈለገች የሕፃን ካልሲ በእጇ አገላበጠች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኖርኩበትን ቋንቋ እዚህ አገር ከኔ ሌላ የሰማው ሰው የለም። እናቴ እንኳ ‹ምን ትቀባጥሪያለሽ› ነበር ያለችኝ። አንዳንዴ ሕልም ያየሁት ይመስለኛል። ሰው በተቀመጠበት፣ ሰው እየሰማ፣ አንዴ ሙሉውን ልስማው። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን መርከበኛ አምጣ።»

«መርከበኛውን ማን ነገረሽ?»

«ኩልሚዬ ምን ይደብቃል?» አለች።

አምሀ ስልኩን አንሥቶ ወጣ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ይቺ ሴት ግን ረግጣው የማታውቀው አገር ነው የሚናፍቃት። መንገድ ላይ እሱንም አንድ ጥያቄ ያዘው፤ እሱ ዝም ቢል ከሱ ምን ይቀራል?

ቅዳሜ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አደን የራሱን ቤት ዘግቶ፣ የራሱን ሰዎች አስከትሎ መጣና ከኋላ እጁን አጣጥፎ ቆመ። እትዬ ታንጉት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሪሐና ከሳጥኑ አጠገብ፣ እንደ ወትሮዋ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሆድየው በበሩ ገባ።

የሚሰማው የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።

«አምሀ» አሉ እትዬ ታንጉት፤ «ምንድነው የማየው?»

መርከበኛው አምሀ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መርከቡም፣ ባሕሩም፣ ሰርጉም ተዘጋጅተዋል። ወደ ሪሐና አየ። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከሱ የምትጠብቀው እውነትም ውሸትም አልነበረም፣ ትንፋሽ ብቻ ነበር። መርከበኛው በዚያች ደቂቃ አስጠላው።

«እትዬ፣ ተሳስቼ ነው» አለ በማይኩ። «ሰውዬው ባሏ ነው።»

የሆነውን ጫጫታ መናገር ያስቸግራል። አደን ከኋላ «ስኳሩ! ስኳሩን አልኳችሁ!» እያለ ዘለለ። ሁለት መምህራን ተነሥተው ወጡ። አንድ ነጋዴ «እናቱስ? አደራውስ?» ብሎ ጮኸ። እትዬ ታንጉት ከሁሉ በላይ ተቆጡ። «ስንት ቅዳሜ ሙሉ ባለትዳር ሰው ስድር!» አሉ። «የሰው ትዳር ላይ አስገብተኸኝ ነበር እኮ አንተ ልጅ!» አምሀ ፊቱ እየተቃጠለ ትረካውን ቀጠለ። አሁን የሚናገረው ሪሐና የነገረችውን ነው፤ ግን ድምፁ ሸሽቶታል፣ ሰውም በእያንዳንዱ ቃል መሐል «እውነት ነው ይሄ?» ይላል። ጂኒዋ ባትኖር አዳራሹ ባዶ ይቀር ነበር። ሰው ጂኒ ጥሎ አይሄድም።

ከዚያ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስልኩን አነሳች።

አምሀ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን ዘርግቶ የፊልሙን ድምፅ ከፍ አደረገው።

መጀመሪያ ማይኩ የተበላሸ መሰላቸው። ከዚያ «ትርጉም!» አለ አንዱ። «ትርጉም! ትርጉም!» አለ አዳራሹ፤ ወንበር ተደበደበ፣ ፉጨት ተፉጨ። አምሀ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው፤ ካልተቀመጠባቸው ማይኩን እንደሚያነሱ ያውቃል። ሴትዮዋ ታወራለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ቃሎቿ አጫጭር ናቸው፣ ጫፋቸው ይጎተታል።

«ዱንያ አለች!» አለ ከኋላ አንድ የሐረር ነጋዴ። «ሰማችሁ? ዱንያ አለች!»

«ሰብር ነው የምትለው አሁን» አለ አደን። «ሰባር፣ ሰባር። ሰብር፣ ትዕግሥት ነው።»

«ወቅት አላለችም?»

ጩኸቱ ወደ ቃል ፍለጋ ተለወጠ። ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቃል ታመልጠው እንደሆነ ብሎ ጆሮውን አቀና። ቆይቶ ቃል መልቀሙም ቆመ። ያች ማንም የማያውቃት ሴት እንዲሁ ታወራለች፣ ጥፍሯ እንጨቱን ይልጣል፣ ሰዉ ደግሞ ይሰማታል። አምሀ ይህን ያህል ሰው ዝም ብሎ አይቶ አያውቅም። ለሱ ድምፅ እንኳ እንዲህ ዝም ብለው አያውቁም፤ ቅናት ወጋው፣ ቅናቱን ሳይጨርሰው ግን ራሱም መስማት ጀመረ።

«ኢያ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከስክሪኑ አልነበረም። ሪሐና ናት። አጠገቧ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ቀስ ብላ፣ ሳታውቀው፣ በዚያው ቋንቋ ‹አዎ› ብላ ነው የመለሰችው። ትንሽ ቆይታ ደገመችው፤ «ኢያ።» ጉንጯ ርሷል።

እትዬ ታንጉት ከወንበራቸው ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ትሰሚያታለሽ እንዴ?»

ሪሐና ደነገጠች። አዳራሹ በሙሉ እያያት ነው።

«እሰማታለሁ፣ እትዬ።»

«ለማን ነው የምታወራው?»

«ለእናቷ።»

«ምን አለቻት?»

ሪሐና ሴትዮዋ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቀች። «‹ደህና ነኝ› አለቻት። ‹ቤቱ ሰፊ ነው። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ጠግቤ ነው የምበላው፣ እንቅልፌም ደህና ነው። ዱንያ እንዲህ ናት፣ ሰብር አድርጊ፣ ወቅቱ ሲደርስ እመጣለሁ› አለቻት።»

«ውሸቷን ነው» አሉ እትዬ ታንጉት ወዲያው።

«አዎ፣ ውሸቷን ነው» አለች ሪሐና። «ዋቲ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ዓርብ ዓርብ ጣሪያው ላይ ወጥተን እሷ ለእናቷ በዚህ ቋንቋ፣ እኔ ለእናቴ በአማርኛ፣ ይህንኑ እንል ነበር። አንዳችን ስንዋሽ ሌላችን ስልኩን እንይዝላት ነበር።»

የሳቀ የለም። ከጎንደር የመጣ ነበረ እዚያ፣ ከሆሳዕና የመጣ ነበረ፣ ከወለጋ የመጣ ነበረ፤ አደን እንኳ ጉናጋዶ ያሉ እናት አሉት። እትዬ ታንጉት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«እኔም ባለፈው እሁድ እንዲሁ ነው ያልኳት» አሉ። ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

ስክሪኑ ላይ ጂኒዋ ከሙዙ ተክል ጀርባ ብቅ አለች። የሚጮህ ጠፋ።

«በይ እንጂ» አሉ እትዬ ታንጉት፤ «ንገሪን። ባሏ መቼ ነው የሚመጣላት?»

ሪሐና ወደ አምሀ አየች። አምሀ እጆቹን ከጭኑ ሥር አወጣ። ማይኩን አነሳና በእጁ ትንሽ አቆየው፤ ከባድ ነበር፣ ሁልጊዜም እንዲህ ይከብድ እንደሆነ አላስታወሰም። ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት፣ ማይኩን አስጨበጣትና ሄዶ ከሳጥኑ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ሪሐና የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አላደረገችም። ሴትዮዋ መናገር ስትጀምር ማይኩን አፏ አጠገብ ይዛ፣ ምንም ሳትል፣ ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ በኋላ ነው በአማርኛ የነገረቻቸው።